ለራሷ የገባችው የሁለት ደቂቃ ቃል

ስብሰባው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። አለቃችን ወረቀቱን አገላበጡና "ይሄ ቁጥር ካለፈው ሩብ ዓመት ጋር ለምን አልገጠመም?" ብለው ጠየቁ። መልሱን የምታውቀው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። አጠገቤ ተቀምጣለች። እስክሪብቶዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ደብተሯ ላይ አቀርቅራለች። ደብተሩ ላይ መልሱ በራሷ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል፤ ከጎኗ ሆኜ አነበብኩት። እሷ ግን ትንፍሽ አላለችም። ሌላ ሰው ገምቶ መለሰ። ግምቱ ስህተት ነበር። ስህተቱን ለማረም ሁለት ቀን ፈጀብን።

ስንወጣ "ለምን አልተናገርሽም?" አልኳት።

"ብሳሳትስ?"

"ደብተርሽ ላይ ጽፈሽዋል እኮ።"

"እሱማ ጽፌዋለሁ። ግን እኔ ነኛ የጻፍኩት።"

ይቺ መልስ ውስጤ ቀረች። ያንኑ ቁጥር ሌላ ሰው ቢጽፈው ኖሮ ታምነው ነበር። የማታምነው ራሷ ስለጻፈችው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሰባት ወር ያህል የሆነውን ነው የምጽፈው። የምጽፈው በፈቃዷ ነው፤ ስሟን አልጠራም። እኔ የሥነ ልቦና ባለሙያ አይደለሁም። ባልደረባዋና ጓደኛዋ ነኝ።

ዕድሜዋ ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። በሥራው ስምንት ዓመት ሆኗታል። የሒሳብ ሪፖርት ታዘጋጃለች፤ ሥራዋ እንከን አይወጣለትም። ግን መልእክት ስትልክ "ይቅርታ ስለረበሽኩሽ" ሳትል አትጀምርም። ኮሪደር ላይ ሰው ሲገጫት ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ ናት። "እባክሽ ይቺን ነገር..." ብለው ሳይጨርሱ "እሺ" የሚለው ቃል ከአፏ ይወጣል። ማታ ማታ ቢሮ የሚያስመሿት የራሷ ሥራዎች አይደሉም፣ የሌሎች ናቸው። ይሉኝታ ጠፍሮ ይዟታል። ከየት እንደመጣ ትንሽ አጫውታኛለች። ስህተት ሲገኝ ሲነገርና ሲደጋገም የሚውልበት ቤት ነው ያደገችው። ከዚያ በላይ አልቆፈርንም፤ መቆፈር የባለሙያ ሥራ ነው።

ራሷን ለመለወጥ ያልሞከረች እንዳይመስላችሁ። ብዙ ሞክራለች። የመጨረሻው ሙከራዋ ስልኳ ላይ ተጽፎ አሳየችኝ። ሰባት ነገር ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት፣ ስፖርት፣ ማንበብ፣ ማስታወሻ መጻፍ፣ አንድ ሰዓት ቋንቋ መማር፣ ስልክ አለመንካት፣ መስታወት ፊት ቆሞ "ጠንካራ ነኝ፣ ብቁ ነኝ" ማለት። ዘጠኝ ቀን ሄደችበት። በአሥረኛው ቀን እንቅልፍ ጣላት፤ በዚያው ሁሉም ቀረ።

ስለ መስታወቱ የነገረችኝን አልረሳውም። "'ብቁ ነኝ' ባልኩ ቁጥር መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ 'ውሸታም' የምትለኝ ይመስለኛል" አለችኝ።

እንዲህ የሚሰማት እሷን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ጆአን ውድ የተባለች በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ያወጣችው ጥናት አለ። ተሳታፊዎቹ "እኔ ተወዳጅ ሰው ነኝ" የሚል ዓረፍተ ነገር ለራሳቸው እንዲደጋግሙ ተደረገ። ድሮም ለራሳቸው ጥሩ ግምት የነበራቸው ትንሽ ተሻላቸው። ለራሳቸው ዝቅ ያለ ግምት የነበራቸው ግን ባሰባቸው። ነገሩ ይገባኛል። የማታምነውን ነገር ጮክ ብለህ ስትናገር የሚቃወምህ ድምፅም አብሮ ይነሳል።

አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ እንዲህ ስል ጠየቅኋት። "ሁልጊዜ ቀጠሮ የሚያፈርስብሽ ሰው ቢኖር፣ ነገ 'በቃሌ እገኛለሁ' ሲልሽ ታምኚዋለሽ?"

"በምን ሒሳብ አምነዋለሁ!" አለች። ትንሽ ሄደችና ቆመች። "ለራሴ እንደዚያ ሰውዬ ነኝ እያልሽኝ ነው?"

አዎ፣ እሱን ነበር ያልኳት። ቋንቋችን ራሱ ነገሩን ይዞታል። "በራስ መተማመን" እንላለን። መተማመን ደግሞ በምኞት አይመጣም። ሰው ቃሉን ሲጠብቅ ታይቶ ነው የሚታመነው። እሷ በየወሩ ለራሷ ሰባት ቃል እየገባች ሰባቱንም ታፈርስ ነበር። እያንዳንዱ ዝርዝር ሲፈርስ በራሷ ላይ የምታቀርበው አንድ ተጨማሪ ማስረጃ ይሆናል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦናና የፍልስፍና ሊቅ ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1890 ይህን በክፍልፋይ አስቀምጦት ነበር። ለራስ ያለ ግምት ማለት የተሳካልህ ነገር ከራስህ ለጠበቅከው ሲካፈል ነው ይላል። ክፍልፋዩ እንዲያድግ የላይኛውን መጨመር ወይም የታችኛውን መቀነስ ይቻላል። እሷ ሒሳብ ሠራተኛ ናትና ወዲያው ገባት። እስከዛሬ የታችኛውን ስትቆልል ኖራለች።

ስለዚህ አንድ ቃል ብቻ እንድትመርጥ ተስማማን። መጀመሪያ "በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እሄዳለሁ" አለች። "ታምመሽም፣ ተናደሽም፣ መሽቶብሽም ታደርጊዋለሽ?" አልኳት። አታደርገውም። "እሺ ሃያ ደቂቃ።" እሱንም አታደርገውም። አሥር ደቂቃም አጠራጠራት። እንዲህ ስንቀንስ ስንቀንስ ጠረጴዛዋ ላይ ደረስን።

ጠረጴዛዋን ላሳያችሁ። ቀለም የጨረሱ እስክሪብቶዎች። ሌሎች ሰዎች "ቆይ እመለሳለሁ" ብለው ጥለውት የሄዱት ወረቀት። የማን እንደሆነ የማይታወቅ ቻርጀር። ሁለት ኩባያ። መሃል ላይ ክርኗን የምታሳርፍባት የእጅ መዳፍ የምታህል ክፍት ቦታ። ስምንት ዓመት የሠራችበት ጠረጴዛ ላይ የሷ የምትለው ቦታ ያ ብቻ ነበር።

ቃሉን በራሷ አማርኛ ጻፈችው፦ "ኮምፒውተሬን ስዘጋ ጠረጴዛዬን ባዶ አድርጌ እነሳለሁ።" ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው። "ኮምፒውተሬን ስዘጋ" የሚለውን ያስጨመርኳት እኔ ነኝ። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ "ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ" ተብሎ የተያዘ እቅድ "አደርጋለሁ" ብቻ ከተባለው ይልቅ የመፈጸም ዕድሉ እንደሚጨምር ደጋግሞ አሳይቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው። መቼ ላድርገው ብሎ ማሰብ አያስፈልግም። ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ሥራው ራሱ ይጠራል።

ከዚያ ትንሽ ደብተር ገዛች። ቀኑን ትጽፋለች፣ ካደረገችው ራይት ታደርጋለች። ካላደረገችው ባዶ ትተወዋለች። ምክንያት መጻፍ የለም፣ ራስን መስደብም የለም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም አላሳዩም። ጠረጴዛው ጸዳ፣ እሷ ግን ያችው ናት። ይቅርታዋም፣ እሺታዋም በቦታቸው ነበሩ። እውነቱን ለመናገር እኔም ተስፋ ቆርጬ ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ፊቷ በርቶ መጣች።

"ትናንት ከደረጃው ተመለስኩ" አለችኝ።

ቸኩላ ወጥታ ነበር። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ጠረጴዛውን እንዳላጸዳች ትዝ አላት። ነገ አደርገዋለሁ ብላ ልትሄድ ነበር። ተመልሳ ወጣች፣ መብራት አበራች፣ ወረቀቶቹን ሰበሰበች፣ ራይት አደረገች። "ማንም አላየኝም" አለች። "ደስ ያለኝ ደግሞ ለዚያ ነው። ለማንም ብዬ አይደለም የተመለስኩት።"

የጉዳዩ እምብርት ለኔ እዚህ ጋ ነው። የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 "እችላለሁ" የሚለው እምነት ከአራት ምንጮች እንደሚመጣ ጽፏል። አንዱ ሰው ራሱ ሠርቶ የተሳካለት ነገር ነው። ሌላው የሚመስሉትን ሰዎች ሲሳካላቸው ማየት ነው። ሦስተኛው የሰው ማበረታቻ፣ አራተኛው ደግሞ የገዛ ሰውነት ስሜት ነው። ከሁሉም የሚበረታው የመጀመሪያው እንደሆነ ይናገራል። እኔ ለዓመታት ሦስተኛውን ነበር የያዝኩት። "አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ!" ስላት ኖሬያለሁ። ቃሌ በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ይወጣል። አንዳንዴም ያስጨንቃታል፤ "ጎበዝ" በተባለች ቁጥር የምታሳፍረው አንድ ተጨማሪ ሰው የተፈጠረ ይመስላታል። ስህተቱ የኔ ነበር። በዚያች ማታ ከደረጃው መመለሷ የሰጣትን ነገር እኔ በምስጋና ልሰጣት አልችልም ነበር።

አምስተኛው ሳምንት ላይ ታመመች። ስድስት ቀን ከሥራ ቀረች። ስትመለስ ደብተሩን ገልጣ ስድስቱን ባዶ ቦታ አሳየችኝና "ይኸው፣ እንደለመድኩት" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ያቺ የመስታወቷ ሴትዮ ተመልሳለች።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ልማድ በ21 ቀን ይያዛል የሚል ወሬ ሰምተናል። ሲቋረጥ ከዜሮ መጀመር ያለብን ይመስለናል። ፊሊፓ ላሊ እና ባልደረቦቿ በለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትለው ነበር። እያንዳንዱ ሰው አንድ ትንሽ ልማድ መረጠ። ነገሩ ሳያስቡት እስኪደረግ ድረስ የወሰደው ጊዜ መካከለኛው 66 ቀን ነበር። እንደ ስሌታቸው ግን ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን ይደርሳል። በመሃል አንድ ቀን መዝለል ደግሞ ሒደቱን ይህን ያህል አልጎዳውም። ስድስት ቀን አንድ ቀን አይደለም፣ እሱን አልካድኳትም። ግን ከዜሮ ጀምሪ የሚል ነገርም የለም።

አንድ ደንብ ብቻ ጨመርን። ዕዳ አይከፈልም። የቀረውን ለማካካስ ሁለት እጥፍ መሥራት የለም። በተመለስሽበት ቀን ያቺኑ ሁለት ደቂቃ ትሠሪያለሽ፣ በቃ። ያን ማታ ጠረጴዛዋን አጸዳች። ከስድስቱ ባዶ ቦታ ቀጥሎ አንድ ራይት ተደረገ።

"ይቅርታ" የሚለውን የነካነው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ እንድትተወው አልጠየቅኋትም፣ እንድትቆጥረው ብቻ። ደብተሩ ጀርባ ላይ ይቅርታ ባለች ቁጥር ትንሽ መስመር አሰመረች። ምሳ ሰዓት ላይ መስመሮቹን ቆጥራ ደነገጠች። በእውነት ያጠፋችበት አንድም አልነበረም። ከዚያ በኋላ ቃሉን ዝም ብላ ከመተው ይልቅ በሌላ መተካት ጀመረች። "ይቅርታ አስጠበቅሁህ" የነበረው "ስለጠበቅከኝ አመሰግናለሁ" ሆነ። "ይቅርታ ስለረበሽኩሽ" የነበረው "አንድ ጥያቄ ነበረኝ" ሆነ። የምር ስታጠፋ ግን ይቅርታ ትጠይቃለች። እንዲያውም ያኔ ይቅርታዋ ክብደት አገኘ።

"እሺ" ከባዱ ነበር። "አይ" ማለት እንደማትችል ሁለታችንም እናውቃለን። ስለዚህ "አይ" እንድትል አልተነጋገርንም። የመረጥነው መዘግየትን ነው፦ "ላስብበትና ነገ ጠዋት እነግርሃለሁ።" ይቺን ዓረፍተ ነገር ቤቷ ጮክ ብላ ተለማመደቻት። በራስ መተማመንና ራስን ማክበር የሚለያዩት እዚህ ላይ ይመስለኛል። አንደኛው "እችላለሁ" ማለት ነው። ሁለተኛው "ጊዜዬም ጊዜ ነው" ማለት ነው። ጎበዝ ሆኖ ራሱን የማያከብር ሰው ሞልቷል፤ እሷ ራሷ ምሳሌ ነበረች።

ሥራውን ሲጥልባት የኖረ አንድ ባልደረባ ነበረን። ክፉ ሰው አይደለም፣ ለምዶት ነው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እንደልማዱ ፋይል ይዞ መጣ። "ላስብበትና ነገ ጠዋት እነግርሃለሁ" አለችው። ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነበር። ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባው "ምን ነካሽ? ተለውጠሻል" አላት። ያን ማታ ደወለችልኝ፤ እያለቀሰች ነበር። ጠዋት ላይ ግን "ይህን ሳምንት አልችልም" አለችው። ለሁለት ሳምንት ያህል ሰላምታው ቀዘቀዘ። ይህን ሳልጽፍ ብቀር ደብቄያችሁ ነው። ራስን ማክበር ሲጀመር የሚቀየም ሰው አይጠፋም። የሚቀየመው ደግሞ ብዙ ጊዜ በእሺታህ ሲጠቀም የኖረው ነው።

ስብሰባ ላይ መናገርን የነካነው ከሁሉም መጨረሻ ነው። ቃሉ ይህ ነበር፦ "ስብሰባ ሲጀመር፣ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች አንድ ዓረፍተ ነገር እናገራለሁ።" ጥያቄም ይቆጠራል። አሥር ደቂቃ ያልንበት ምክንያት አለን። ዝም ባልሽ ቁጥር ዝምታው ይከብዳል። ሠላሳ ደቂቃ ቆይቶ የሚወጣ ቃል ትልቅ መሆን ያለበት ይመስላል። መጀመሪያ ላይ የሚወጣ ቃል ግን ትንሽ ቢሆን ማንም አይገርመውም።

የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር "ገጽ ሦስት ላይ ያለው ሠንጠረዥ አዲሱ ነው የድሮው?" የምትል ነበረች። አንድ ሰው "አዲሱ" ብሎ መለሰ። አለቀ። ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ። "እጄ ሲንቀጠቀጥ አየሽው?"

አላየሁም። ከጎኗ ተቀምጬ አላየሁም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቶማስ ጊሎቪች እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን የሚያሳፍር የዘፋኝ ፎቶ ያለበት ካናቴራ አልብሰው ሰዎች ያሉበት ክፍል ውስጥ አስገቧቸው። ካናቴራውን የለበሱት ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ ሰው እንዳየባቸው ገመቱ። ያየው ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። እኛ ራሳችንን የምናየውን ያህል ሰው አያየንም። ይህን ስነግራት ብዙ አልተደነቀችም። የጠቀማት ጥናቱ ሳይሆን የኔ "አላየሁም" ነው። ከዚያ በኋላ በየስብሰባው መጨረሻ ትጠይቀኝ ነበር። ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ እውነቱን ነገርኳት። ሌላውን ጊዜ አላየሁም።

አራተኛው ወር ላይ ያው የቁጥር ጥያቄ ተመልሶ መጣ። አለቃችን ወረቀቱን አገላበጡ። "ይሄ ደግሞ ለምን አልገጠመም?"

እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ሁለት ክፍያዎች በተለያየ ወር ስለተመዘገቡ ነው።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

ድሮ ቢሆን "ይመስለኛል" ትል ነበር። ደብተሯን አየች፣ ቀና አለች። "አዎ። እኔ ነኝ የመዘገብኩት።"

አለቃችን ራሳቸውን ነቀነቁና ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፉ። ሌላው ሰው ምንም የተለየ ነገር አላስተዋለም። እኔ ግን ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ማለቴ አይደለም። ብዙ ሰው ፊት ቆማ ንግግር ማድረግ ዛሬም አትችልም። ከአለቃችን ጋር ብቻዋን ስትገናኝ ዛሬም ድምፅዋ ይቀንሳል። ሰዓት ተላልፎባት የምትሠራው የሰው ሥራ አልፎ አልፎ አለ። እና አንድ ነገር ልበል። የሷ ጉዳይ ትንንሽ ልማድ የሚረዳው ዓይነት ነበር። ከአልጋ መነሳት ለሳምንታት ያቃተው ሰው፣ ቤቱ ውስጥ የሚደበደብ ወይም የሚዋረድ ሰው፣ መኖር ያስጠላው ሰው ጠረጴዛ አጽዳ ሊባል አይገባውም። እዚያ ላይ ሐኪምና የሥነ ልቦና ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ከሚጎዳው ሰው መራቅም ያስፈልግ ይሆናል። አለቃችን በጥያቄ የሚሳደቡና የሚያዋርዱ ሰው ቢሆኑ ኖሮም ይህ ሁሉ እንዲህ ባልሆነ ነበር።

ስድስተኛው ወር ላይ ደብተሯን ከፍታ "ሦስት ሳምንት ራይት አላደረግሁም" አለችኝ። የደነገጠች ትመስላለች። "ጠረጴዛውስ?" አልኳት። ሁለታችንም ዞር ብለን አየነው። የሥራ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። ኮምፒውተሩ ተዘግቷል። ጠረጴዛው ላይ ምንም የለም። መቼ እንዳጸዳችው አላስታወሰችም።

አሁን ደብተሩ አዲስ ገጽ ላይ ነው። የደመወዝ ጭማሪ ልትጠይቅ ነው፤ በስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ ጠይቃ አታውቅም። ይህንንም ቆራርሳዋለች። አንድ ሳምንት የሠራቻቸውን ሥራዎች መዘርዘር። አንድ ሳምንት የምትጠይቀውን ቁጥር ጮክ ብላ መናገር። ከዚያ ቀጠሮ መያዝ። የቀጠሮውን ቀን ጽፋዋለች። ለማየት አንገቴን ሳሰግ ደብተሩን ዘጋችብኝ።

"እሱን ካለፈ በኋላ ነው የምነግርሽ" አለች።